«ማን ጠራህ?»፦ ሰርቨር ላይ ሳይጠሩ ስለሚገቡ ፓኬጆች

ይህ ጽሑፍ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ የስልጠና አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። ሲጻፍ ትንሽ ተቃንቷል። ትእዛዞቹን አዳራሽ ውስጥ የነበራችሁ በላቲን ፊደል ስክሪኑ ላይ አይታችኋቸዋል። እዚህ ግን አፋችን እንደሚጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለኝ። መብራት እስካለ ድረስ በፕሮጀክተሩ እንሄዳለን። ከሄደ ደግሞ በአፍ እንጨርሰዋለን። ሰርቨር የምንሠራው እዚሁ ሰፈር ስለሆነ ንግግሩም መብራት ሲሄድ መቋቋም አለበት።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። ከተወሰነ ጊዜ በፊት በዚሁ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ሠራሁ። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ ኢንተርኔት ባይኖርም ተማሪዎች ዊኪፒዲያ እንዲያነቡ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ዊኪፒዲያን በአንድ ፋይል ታጭቆ ታወርዳላችሁ፣ ኪዊክስ ደግሞ ያንን ፋይል በግቢው ኔትወርክ ላይ ላለ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ያድለዋል። ዴቢያን (ነፃ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ጫንኩበት፣ ሞኒተሩን ነቅዬ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወጣሁ።

በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወሉልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ተኝቷል።»

«እትዬ፣ ሰርቨር አይተኛም። ጠፍቶ ይሆናል እንጂ።»

«አልጠፋም እኮ ነው የምልህ። መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ማብሪያውን ነካ ሳደርገው ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይተኛል። የሚያንኮራፋ ነው የሚመስለው።»

አልሰማኋቸውም። ባለሙያው እኔ ነኝ አይደል? ኬብል ቀየርኩ። ስዊች ቀየርኩ። ፓወር ሰፕላዩን ከፍቼ አቧራውን አራገፍኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን አጠገቡ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩና ሰዓት ያዝኩ። ልክ በ20 ደቂቃው ማራገቢያው ጸጥ አለ፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ተኛ። እትዬ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ምን ሆኖ ነው? ሰርቨሩን ስጭን ከኮማንድ ላይኑ ጋር ጂኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ (በመስኮትና በማውስ የሚሠራውን ገጽታ) አብሬ ጭኜ ነበር። ጥቁር ስክሪን ስለሚያስፈራኝ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብዬ ነው። ጂኖም ደግሞ ሰው ኪቦርድና ማውስ ካልነካ የተወሰነ ደቂቃ (በእኔ ጭነት 20) ጠብቆ ማሽኑን ያስተኛል። በኔትወርክ በኩል አርባ ተማሪ እያነበበ ቢሆንም እሱ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው። ይህ ለላፕቶፕ ትክክለኛ ጠባይ ነው። በጂኖም አልፈርድም። እኔ ነኝ ሰው በማይቀመጥበት ማሽን ላይ ሰው የሚጠብቅ ዘበኛ የቀጠርኩት።

የዴቢያን ኢንስቶለር ላይ ያቺን ገጽ ታውቋታላችሁ። መጨረሻ አካባቢ «ምን ልጫንልህ?» የምትለዋን። ሰማያዊ ስክሪን፣ በየመስመሩ አንድ ቅንፍ፣ አንዳንዱ ቅንፍ ውስጥ ኮከብ። ዴስክቶፑ ላይ ኮከቡ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሰርቨር ለሚሠራ ሰው ዋና የሆነው፣ ማሽኑን ከሩቅ ሆነን የምናዝበት ኤስኤስኤች ሰርቨር ላይ ግን ኮከብ የለም። የማያስፈልገው ተመርጦ፣ የሚያስፈልገው ተዘሎ። አብዛኞቻችን እዚያ ገጽ ላይ ኢንተር ተጭነን እናልፋለን። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ፣ እዚያ ገጽ ላይ ስፔስ ባሯን ተጭናችሁ የዴስክቶፑን ኮከብ አንሱ፣ ኤስኤስኤች ላይ አስቀምጡ።

በነገራችን ላይ መጀመሪያ እንቅልፉን የሚከለክል ትእዛዝ ጽፌ ዝም አሰኝቼው ነበር። ሠርቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የባሰው። የአፕዴት ቀን።

ትምህርት ቤቱ የራሱ መስመር ስላልነበረው አፕዴት የማደርገው ከስልኬ በሆትስፖት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አፕት አፕግሬድ አልኩ (አፕት ዴቢያን ላይ ፓኬጆችን፣ ማለትም ታሽገው የሚመጡ ፕሮግራሞችን፣ የሚጭንና የሚያድስ ትእዛዝ ነው)። የሚወርደውን ዝርዝር ሳየው ሊብሬ ኦፊስ አለ። ፋየርፎክስ አለ። ማንም ፊቱ በማይቀመጥ ማሽን ላይ፣ ሞኒተር እንኳን በሌለው ማሽን ላይ፣ ብሮውዘርና የቢሮ ሶፍትዌር በራሴ ካርድ አወርዳለሁ። ሞዚላ ፋየርፎክስ ላይ ቀዳዳ በደፈነ ቁጥር እኔ ቱሉ ዲምቱ ላይ እከፍላለሁ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት አወረደ። የወረደውን ፈትቶ መጫን ጀመረ። መብራት ሄደ።

ሲመጣ አፕት የሚለው ነገር፣ የደረሰበት ያውቀዋል፦ ዲፒኬጂ (ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው) ተቋርጧልና ራስህ ኮንፊገር በለው። አልኩት። ተስተካከለም። ግን ያን ቀን ተቀምጬ ሳስብ፣ የተሰበሩት ፓኬጆች ውስጥ ሰርቨሩ የተገዛበትን ሥራ የሚሠራ አንድም አልነበረም። ሁሉም አጃቢ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሰፈር «ዲስክ ርካሽ ነው፣ ምን አገባህ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ዲስኩ አይደለም። ዲስኩ አንዴ ይከፈላል። የጫናችሁት ፓኬጅ ግን በየወሩ ቀለብ ይፈልጋል። ዳታ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ መብራት ሳይሄድ የሚያልቅበት ደቂቃ ይፈልጋል። (እዚህ ላይ አንድ ችግር አለብን። አማርኛችን ውስጥ ፓኬጅ ሲባል ሰው የሚያስበው የቴሌውን ነው። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ፓኬጅ በዝቶብናል፣ መቀነስ አለብን» ብላቸው «ምነው፣ በዝቶ ከሆነ ለኛም አካፍለን እንጂ» አሉኝ።)

ቃል ካነሳን፣ ዲፔንደንሲንም (አንድ ፓኬጅ የሚደገፍበትን ሌላ ፓኬጅ) ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። «ጥገኛ» ስል ሆድ ውስጥ ያለ ትል ይመስላል። «ጥገኝነት» ስል ውጭ አገር የሚጠየቀው ይመስላል። ደግሞም አቅጣጫው ይገለበጣል። ጥገኛው የጠራነው ፕሮግራም ነው፣ ዲፔንደንሲው የተደገፈበት ምሰሶ ነው። ምሰሶ ጥሩ ቃል ነበር፣ ግን ማንም አይልም። እናንተም እኔም ዲፔንደንሲ እያልን እንቀጥላለን።

ምሰሶ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አንድ ፓኬጅ ከሌሎች ጋር ያለው ዝምድና በሦስት ደረጃ ይጻፋል። ዲፔንድስ፣ ሪኮሜንድስ፣ ሰጀስትስ። እዚህ ያለን ሰዎች ኮንዶሚኒየም ስለምናውቅ በቤት ልንገራችሁ። ዲፔንድስ በር፣ ውሃና መብራት ነው። ያለሱ አይገባም። ሪኮሜንድስ ሴራሚክና ቀለም ነው። አብዛኛው ሰው ያሠራዋል፣ ባያሠራም ግን ይኖራል። ሰጀስትስ ጂብሰም ኮርኒስ ነው። ያማረው ያሠራል።

ነገሩ ያለው መሀለኛው ላይ ነው። አፕት ሰጀስትስን በስም ብቻ ይጠቅሳል። ሪኮሜንድስን ግን ሳይጠይቅ አብሮ ይጭናል። ዴቢያን ላይ ይህ የተለመደ አሠራር የሆነው በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዴቢያን 5 ጀምሮ ነው። ለዴስክቶፕ ተጠቃሚ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ድምፅ ማጫወቻ የጫነ ሰው ለምን ድምፅ አልሰማም ብሎ እንዳይቸገር ነው። ሰርቨር ላይ ግን የሪኮሜንድስ ሪኮሜንድስ ይመጣል፣ የእሱም ዲፔንድስ ይከተላል፣ አንድ ሰው ጠርታችሁ አንድ አይሱዙ ሙሉ ይመጣባችኋል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለት ሃርድ ዲስክ አጣምራችሁ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተካው ትፈልጋላችሁ። ኤምዲአድም ትጭናላችሁ። ኤምዲአድም ደግሞ ዲስክ ሲሞት በኢሜይል ልንገርህ ባይ ነው፣ ስለዚህ የኢሜይል ሰርቨር ይመክራል። አሁን ማሽናችሁ ላይ ያላሰባችሁት የኢሜይል ሰርቨር ይሠራል። ኢሜይሉን ማንም አያነበውም። እሱ ግን በየቡቱ ይነሳል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ጃቫም እንዲሁ ነው። ዝም ብላችሁ ጃቫ ስትሉ መስኮት የሚስል፣ ፎንት የሚያነብ፣ ድምፅ የሚያሰማ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ሄድለስ የሚለውን ስትመርጡ ያ ሁሉ ይቀራል። ሄድለስ ቃል በቃል «ጭንቅላት የሌለው» ነው። ለሰርቨር ግን አስተዋዩ እሱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፒኤችፒ (ዌብ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ) ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ሪኮሜንድስ ሳይሆን ዋናው ዲፔንድስ ነው። ኋላ ላይ፣ ማሽኑን እንደ አዲስ ከጫንኩት በኋላ፣ መምህራኑ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን የሚፈልጉበት ትንሽ ገጽ ጠየቁኝ። ኢንጂንኤክስ የሚባለውን ዌብ ሰርቨር ጭኜ እየሠራ ነበር። ከዚያ አፕት ኢንስቶል ፒኤችፒ አልኩ። ማሽኑን ሪስታርት ሳደርገው ገጹ የለም። በቦታው የአፓቼ፣ የሌላ ዌብ ሰርቨር፣ የእንኳን ደህና መጣህ ገጽ ተቀምጧል። አፓቼን ማን ጠራው?

ማንም አልጠራውም፣ ፒኤችፒ ነው ያመጣው። የፒኤችፒ ፓኬጅ ዲፔንድሱ ላይ «ወይም» የሚል ቃል አለ። ወይ የአፓቼው ሞጁል፣ ወይ ኤፍፒኤም፣ ወይ ሲጂአይ፣ ፒኤችፒን ከዌብ ሰርቨር ከምታገናኙት ከሦስታችሁ አንዳችሁ ይበቃኛል ይላል። አፕት ከሦስቱ አንዱም ተጭኖ ካላገኘ የመጀመሪያውን ያነሳል። የመጀመሪያው የአፓቼው ነው። የአፓቼው ሞጁል ደግሞ ያለ አፓቼ አይኖርም። አፓቼ መጣ፣ ቡት ላይ ቀድሞ ተነስቶ የዌቡን በር፣ ፖርት 80ን፣ ያዘ፣ ኢንጂንኤክስ ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል። መፍትሔው አንዲት ቃል ነበረች። ፒኤችፒ ብቻ ከማለት ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ማለት። «ወይም» የሚለውን እኛ ካልወሰንነው አፕት ይወስንልናል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድካምና ስለ ካርድ ነው። አሁን ትንሽ ወደሚያስፈራው ልሂድ። የኤክስዜድን ነገር ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ... ጥሩ፣ ግማሽ ያህሉ።

መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ማይክሮሶፍት የሚሠራና የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ የሆነ ሰው ለልቀት ያልደረሰ የዴቢያን ሥሪት ላይ የፍጥነት ልኬት እየሠራ ነበር። ኤስኤስኤች ሎግኢን ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን «ኔትወርክ ነው» ብለን እናልፍ ነበር። እሱ አላለፈም። ቆፈረ። ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ውስጥ፣ 5.6.0 እና 5.6.1 ሥሪቶች ላይ፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር አገኘ። በሩን የቀበረው ሰው ከ2021 ጀምሮ በትዕግሥት ሥራ እያገዘ እምነት ያተረፈ፣ ማንነቱ እስካሁን በይፋ ያልታወቀ ሰው ነው። ኮዱ ወደ ዋናው ዴቢያን ስቴብል ሳይደርስ ተያዘ።

አሁን ይህንን ጥያቄ ጠይቁ። የፋይል መጭመቂያ ከኤስኤስኤች ጋር ምን አገናኘው? ኦፕን ኤስኤስኤች ራሱ ያንን ላይብረሪ አይጠቀምም። ዴቢያንና ሌሎች አንዳንድ ስርጭቶች ግን ኤስኤስኤች ሲነሳ ለሲስተምዲ (ማሽኑ ላይ አገልግሎቶችን ለሚያስነሳው) «ዝግጁ ነኝ» ብሎ እንዲናገር ፈለጉ። ለዚያ የሲስተምዲን ላይብረሪ አገናኙበት። የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ ሎግ ለመጭመቅ ኤክስዜድን ይዞ ይመጣል። የጓደኛ ጓደኛ። በዚህ መንገድ መጭመቂያው የማሽኑ ዋና በር ላይ ዘበኛው ጎን ተቀመጠ።

ለምንድነው ይህ ሁሉ? ለአንዲት ዓረፍተ ነገር። «ዝግጁ ነኝ» የምትለው መልእክት ወደ አንድ ሶኬት የምትላክ አጭር ጽሑፍ ናት። ያለ ምንም ላይብረሪ በጥቂት መስመር ኮድ ትላካለች። ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦፕን ኤስኤስኤች 9.8 ያደረገውም እሱን ነው። መልእክቷን ራሱ ጽፎ ይልካል፣ የሲስተምዲን ላይብረሪ አይነካም። እኔ ይህን ሳነብ ያቺ «ለክፉ ቀን» ያልኳት ጂኖም ትዝ አለችኝ። ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

ኖድ (ጃቫስክሪፕት በሰርቨር ላይ) የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሌፍት ፓድን ታስታውሳላችሁ። 2016 እ.ኤ.አ.፣ 11 መስመር ኮድ። ባለቤቱ ከኤንፒኤም (ከኖድ የፓኬጅ ማከማቻ) ላይ ሲያነሳት ስንትና ስንት ፕሮጀክት አልገነባ አለ። ጽሑፍ በስተግራ በኩል ክፍት ቦታ የምትሞላ ፋንክሽን ናት። አለፍኩት።

ግን ቆዩ። ይህንን ሁሉ ከሰማ በኋላ መቀስ ይዞ የሚነሳ ሰው አለ። አውቀዋለሁ፣ እኔ ነበርኩ። ሰርቨሩን እንደ አዲስ ስጭነው ሪኮሜንድስን ከነአካቴው ዘጋሁት። አፕት ኮንፍ ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አንድ መስመር ፋይል ጽፋችሁ «ፎልስ» ማለት ነው። ኩራት ተሰማኝ። በመጀመሪያው ጭነት ከ1,000 በላይ ፓኬጅ የነበረው ማሽን አሁን ከ500 በታች ሆነ። ከዚያ ደብሊውጌት ጫንኩና ፋይል ላወርድ ስል፦ የሰርተፊኬቱን ሰጪ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ሲኤ ሰርቲፊኬትስ የሚባለው ፓኬጅ የለማ። የትኛውን የሰርተፊኬት ሰጪ ማመን እንዳለብን የሚነግረን ዝርዝር ያለው እሱ ውስጥ ነው። ለደብሊውጌት ደግሞ ሪኮሜንድስ ነው፣ ዲፔንድስ አይደለም። ያለሱ ደብሊውጌት ይነሳል፣ ኤችቲቲፒኤስ ግን የለም። እኔ ምን አደረግኩ? ቆሜ ከማሰብ ይልቅ «ሰርተፊኬት አትመርምር» የሚለውን አማራጭ ጨመርኩበትና አወረድኩ። ደኅንነት ብዬ ፓኬጅ ቀንሼ፣ በቀነስኩት ፓኬጅ የተነሳ በሩን ራሴ ከፈትኩ። ይህንን የምነግራችሁ አፍሬ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። አሮጌ ማሽን ስለሆነ የቦርዱ ባትሪ ሞቷል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሞኒተር ሰክቼ ባዮሱን ሳየው 2016 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ያኔ 2016 ስለነበር «ይሄስ አገሩን የለመደ ማሽን ነው» ብዬ ሳቅኩ። ግን ሳቅ አልነበረም። ሰዓቱ ኋላ ሲቀር ዛሬ የወጣ ሰርተፊኬት «ገና ያልጸና» ይመስለዋል። ሰዓት ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው ታይምሲንክዲም ሪኮሜንድስ ሆኖ የሚመጣ ነው። እኔ ደግሞ በሩን ዘግቻለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም በስማቸው ጠርቼ ጫንኳቸው። ባትሪውንም ቀየርኩ። ከሁሉ ርካሹ ጥገና እሱ ነበር።

ስለዚህ አሁን ሪኮሜንድስን ስዘጋ የሚመከሩትን ዝርዝር አነባለሁ። አፕት ያልጫናቸውን ሪኮሜንድስ በስም ይነግራችኋል። አምስት ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ የምፈልገውን ራሴ እጽፈዋለሁ። ኤንክሪፕሽን የሚነካ ነገር ላይ ደግሞ ቆጣቢ አልሆንም። ኦፕን ኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪው) ከብዶኛል ብሎ የራሱን ምስጠራ የሚጽፍ ሰው ካለ ቡና ጋብዤ አስጥለዋለሁ።

ሥራውን አሁን እንዴት እንደምሠራው ባጭሩ ላሳያችሁ። ከመጫኔ በፊት በአፕት ጌት ሰረዝ ኤስ እሞክረዋለሁ። ሰረዝ ኤስ ማለት የምር አታድርገው፣ ምን እንደምታደርግ ብቻ ንገረኝ ማለት ነው። ዝርዝሩ ከጠበቅኩት ከረዘመ አቆማለሁ። አንድ ነገር ጠርቼ አርባ ነገር ከመጣ አንድ ቃል ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሄድለስ ወይም ኤፍፒኤም ረስቼ ነው። ሰረዝ ዋይን (ለጥያቄው ሁሉ አስቀድማ «አዎ» የምትለዋን) ደግሞ እጄ እንዳይለምድ እጠነቀቃለሁ። ያቺ «ልቀጥል?» የምትለዋ ጥያቄ ምን ያህል ሜጋ ባይት እንደሚወርድና ዲስኩ ላይ ስንት እንደሚይዝ ቆም ብለን የምናይባት ቦታ ናት። ሰረዝ ዋይ ያላት ሰው አያነባትም።

ከዚያ ሰረዝ ዲ። ይህችን ለእኛ ሰፈር የተሠራች ነው የምላት። አውርድ፣ ግን አትጫን ማለት ናት። ማውረዱ መሀል መብራት ቢሄድ የሚጎዳ ነገር የለም፣ ሲመጣ ይቀጥላል። ሁሉም ከወረደ በኋላ ዩፒኤሱ መሙላቱን አይቼ እጭናለሁ። ሊብሬ ኦፊስ ስለሌለ መጫኑ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከጫንኩ በኋላ ኤስኤስ በሚለው ትእዛዝ የትኞቹ ፖርቶች ለውጭ እንደተከፈቱ አያለሁ። በትምህርት ቤቱ ሰርቨር ላይ ሁለት ብቻ መታየት አለባቸው፦ የኤስኤስኤች 22 እና የዌብ 80። ሦስተኛ ካየሁ «ማን ጠራህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አፕቲቱድ ዋይ የሚባል ትእዛዝ ይህንን ይመልሳል፣ እገሌ እገሌን አመጣ፣ እገሌ ደግሞ እገሌን ብሎ ዘር ይቆጥራል። የሚያስቀው አፕቲቱድ ራሱ መጫን የሚፈልግ ፓኬጅ መሆኑ ነው። አፕት ካሽ አርዲፔንድስ ያንኑ ይነግራችኋል፣ ትንሽ ይደብራል እንጂ፣ እሱ ግን አብሮ ያለ ነው።

የፈተናውን ገጽ በተመለከተ ዳታቤዝ ሰርቨር አልጫንኩም። ኤስኪውላይት ተጠቀምኩ። ኤስኪውላይት ሰርቨር የለውም፣ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው። ባክአፕ ሲያስፈልግ ፋይሏን ማታ ማንም ሳይጠቀም ወደ ፍላሽ እገለብጣታለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ለሚፈልጋት ፍለጋ ይበቃል። ሺህ ሰው በአንዴ የሚጽፍበት ቢሆን ኖሮ ሌላ እላችሁ ነበር። ኪዊክስም የራሱ ዌብ ሰርቨር አለው፣ ከጀርባው ሌላ ነገር አይፈልግም። በመጀመሪያው ጭነት ይህንን ሳላነብ ነው አፓቼና ማሪያ ዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ ሰርቨር የደረደርኩት። ከየት አመጣሁት? የሆነ ቪዲዮ ላይ «ሰርቨር ማለት ሊኑክስ፣ አፓቼ፣ ማሪያ ዲቢና ፒኤችፒ፣ እነዚህ አራቱ ናቸው» ሲባል ሰምቼ።

ጥያቄ ላይ አንዲት ልጅ ስለ ዶከር (እያንዳንዱን ፕሮግራም ከነዲፔንደንሲው በራሱ ሳጥን ስለሚያስቀምጠው መሣሪያ) አነሳች። «ዶከር ካለ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምን ያደርጋል? ሁሉም በየሳጥኑ ነው» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶከር ዲፔንደንሲዎች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ያደርጋል። ያ ትልቅ ነገር ነው። የፒኤችፒና የአፓቼ ጠቤ ዶከር ቢኖር አይፈጠርም ነበር። ግን ዲፔንደንሲው አልጠፋም፣ ሳጥን ውስጥ ገባ። አምስት ሳጥን ካላችሁ የአንዱ ላይብረሪ አምስት ቅጂ ሊኖራችሁ ይችላል። ቀዳዳ ሲገኝ አፕት አፕግሬድ ሳጥኖቹ ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱን ኢሜጅ እንደገና ማውረድ አለባችሁ። በምን? በሆትስፖት። ቦሌ መንገድ ላይ ፋይበር ባለው ቢሮ ብቀመጥ ሌላ መልስ ልሰጥ እችላለሁ። ለዚያ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ግን አይሆንም።

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ «ጋሼ፣ እሺ አሁን ሰርቨርህ ላይ አንተ የጠራኸው ምን ምን ነው? አሳየን» አለኝ። ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም። በስልኬ ገባሁና አፕት ማርክ ሾውማኑዋል አልኩ። ይህ ትእዛዝ ተከትለው የመጡትን ትቶ፣ በቀጥታ እንዲጫኑ የታዘዙትን ብቻ ይዘረዝራል። ኢንስቶለሩ ራሱ ያስገባቸውን ዘለልን። የቀሩትን አንድ በአንድ እያነበብኩ ለምን እንዳለ ተናገርኩ። ኪዊክስ፣ ገባን። ኢንጂንኤክስ፣ ገባን። ሲኤ ሰርቲፊኬትስ፣ ታሪኩን ነግሬያችኋለሁ። መሀል ላይ ኔት ቱልስ የሚል መጣ። «ይሄስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ኔት ቱልስ የድሮዎቹ የኔትወርክ ትእዛዞች ናቸው፣ ዴቢያን በተለመደው ጭነት ማምጣቱን ከተወው ቆይቷል። በቦታቸው አይፒ የሚባለው አለ። እኔም ሳስተምር አይፒን ነው የማስተምረው። «አላውቅም፣ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ማታ ቤት ገብቼ የአፕትን ሂስትሪ ሎግ ከፈትኩ። የተጫነበት ቀን፣ የተጻፈው ትእዛዝ፣ ያዘዘው ዩዘር ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የሌላ ሰው እጅ እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። የእኔ ስም ነው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ። ጣቴ ከልጅነቱ ኢፍኮንፊግ ብሎ መጻፍ ለምዶ፣ ትእዛዙ የለም ሲለኝ አይፒ ከማለት ይልቅ ፓኬጁን ጭኜው ነው። ያኔውኑ አጠፋሁት፣ ለልጁም መልእክት ላኩለት።

እሑድ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ስገባ መጀመሪያ የጻፍኩት ኢፍኮንፊግ ነበር።